ባቱ፣ የፍጥነት መንገዱና ሐይቁ፦ ለአንድ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባቱ (ዝዋይ) ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው የማስተምር ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ ከተማችን መንገድ ዳር ያለች ትንሽ መቆሚያ ነበረች። ከዚያ የአበባ እርሻው መጣ። የወይን ጠጅ ፋብሪካው መጣ። አሁን ደግሞ የፍጥነት መንገዱ ደረሰልን። ሕዝቡ በዝቷል። ሆኖም ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። የቤት ኪራይ አልተቻለም። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ አቧራ ነው። ይህ ዕድገት ነው? የፍጥነት መንገዱስ ይጠቅመናል ወይስ አልፎን ይሄዳል? ደላሎች ደግሞ መውጫው አካባቢ መሬት ግዛ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ሦስት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ወደ ከተማዎ የሚገባው ገንዘብ ለምን እዚያው አይቀመጥም ነው የሚሉኝ። ሙያዬ የከተማ ፕላን ነውና በዚያው በኩል ልመልስልዎ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የባቱ ዕጣ ያለው ሐይቁና ደመወዝተኛው የሚያድርባት የኪራይ ክፍል ላይ ነው። መንገዱ ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ከተማዋ ያላትን ብር መጀመሪያ ውሃና ቤት ላይ ካላዋለች፣ በመንገዱ የሚመጣው እንግዳ ቀኑን ውሎ ይመለሳል። በመንገዱ የሚመጣው ፋብሪካ ደግሞ ሠራተኛውን ያመጣና ማደሪያውን ለእናንተ ይተዋል።

በመንገዱ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል።

የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራው በአራት ክፍል ተከፍሏል። ገንዘቡም ከአራት አበዳሪ የመጣ ነው፦ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከደቡብ ኮሪያ፣ ከዓለም ባንክና ከቻይና። ከሞጆ መቂ 57 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመቂ ባቱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሉት ሁለቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ለመኪና ክፍት ሆነዋል። ሞጆ ላይ ከአዲስ–አዳማው መንገድ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ባቱ ዛሬ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱባት ከተማ ሆናለች።

የዚህ መንገድ ጠባይ ግን ከድሮው ይለያል። ግራ ቀኙ የታጠረ ነው። መግባትም መውጣትም የሚቻለው በተወሰነለት መጋጠሚያ ብቻ ነው። ይከፈልበታል። ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ አይገቡበትም። በድሮው መንገድ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው መሐል ከተማችሁን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሲርበው ይቆማል። አሳ ጉላሽ ያዛል፣ ለቤቱ ቲማቲምና ፓፓያ ይጭናል፣ ጎማውን ያስነፋል። በፍጥነት መንገዱ የሚሄድ ሰው እንዲህ ለመቆም መጀመሪያ ለመውጣት መወሰን አለበት። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከእንግዲህ በዚህ መንገድ ባቱ የሚገባው ባቱን ብሎ የመጣ ሰው ነው።

በዚህ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ኑሮው በአላፊ አግዳሚ ላይ የቆመ ንግድ ይጎዳል። ዋናው መንገድ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች፣ ጎሚስታዎች፣ የመንገድ ዳር አትክልት ሻጮች። ሸክሙ ቶሎ የሚሰማቸው እነሱ ናቸው። ሚኒባሱና ክፍያውን መቆጠብ የሚፈልገው ጭነት መኪና በድሮው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ንግዱ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። የግል መኪና የያዘውና ኪሱ ደህና የሆነው መንገደኛ ግን ይሄዳል።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውን የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ያስታውሱ። ያኔም ዱከምና ቢሾፍቱ ቀሩ የሚል ስጋት ነበር። አልቀሩም። ቢሾፍቱ ሐይቆቿና መዝናኛዎቿ አሏት፤ ሰው ለእነሱ ሲል ከመንገዱ ይወጣል። ዱከም የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን አላት፤ መኪናው እዚያው ነው የሚራገፈው። ሁለቱም ሰው የሚወጣበት ምክንያት ነበራቸው።

የባቱ ምክንያት ምንድነው? ሐይቁ፣ የሐይቁ አሳ፣ በሐይቁ ውሃ የሚበቅለው አትክልትና አበባ፣ ደሴቶቹ። ወይኑም ቢሆን በዚያው ውሃ ነው የሚያድገው። በከተማዋ ውስጥ ደመወዝ የሚከፍለውን ቢቆጥሩ የአብዛኛው መነሻ ሐይቁ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዝዋይ ሐይቅ፣ ደምበል የሚሉትም አሉ፣ ሰፊ ነው። ወደ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ለዓይን የማያልቅ ውሃ ይመስላል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም የላይኛው ሰው ራስ አይሰጥምም። በዚያ ላይ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይና ነፋስ አለ። በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ በትነት ይሄዳል። ያለውን ውሃ ከግማሽ በላይ ፀሐይ በየዓመቱ ትወስደዋለች ማለት ነው። የሚተካው ከሁለት ወንዞችና ከዝናብ ነው። መቂ ከጉራጌ ተራሮች ይመጣል፣ ቀታር ከአርሲ። ሁለቱ ወንዞች የሚያመጡትም ውሃ ብቻ አይደለም፤ የተራቆተው ተራራ አፈርም አብሮ ይወርዳል።

ይህን የምዘረዝረው ሐይቁ የቁጠባ ደብተር ሳይሆን የወር ደመወዝ መሆኑን እንዲያዩልኝ ነው። በየዓመቱ የገባው በየዓመቱ ይወጣል፤ የተጠራቀመ ትርፍ የለም። እንደዚህ ዓይነት ሐይቅ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከሌላው አፍ ይነጥቃል። ገበሬው በሞተር ይስባል። የአበባ እርሻው ይስባል። የወይን እርሻው ይስባል። ከተማዋም ለመጠጥ ትፈልገዋለች። የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። አብያታ መውጫ የለውም፤ ከላይ የመጣለትን ብቻ ነው የሚኖረው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ እርስዎ ለተማሪዎችዎ ሳያሳዩ አልቀሩም። ያ የሐይቃችሁ የታችኛው ጫፍ ነው። ከላይ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

«ታዲያ ጉድጓድ ቢቆፈርስ?» የሚል ሰው በየስብሰባው ይኖራል። በስምጥ ሸለቆ ይህ ቀላል መልስ አይደለም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተነካክቶ የመጣ ነው። ካልሲየም ያንሰዋል፣ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በአካባቢው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ክፍልዎ ውስጥ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ልጆች ካሉ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሲብስ አጥንትም ይነካል። ስለዚህ ባቱ ለመጠጥም ቢሆን የሐይቁ ጥገኛ ናት። የፈረቃው ነገር የሚፈታው ውሃውን በወጉ አጣርቶ የሚያወጣ በቂ ማጣሪያ፣ ማጠራቀሚያና መስመር ሲኖር ነው። ከተማዋ የምትበደረውም ሆነ የምትለምነው ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ላይ ይዋል የምለው ለዚህ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው ሁለተኛው ጉዳይ ዳርቻው ነው። ፊላና ደንገል የበቀለበትን ረግረግ ብዙ ሰው ባዶ መሬት አድርጎ ያየዋል። ገበሬው እስከ ውሃው ጫፍ ያርሰዋል። ከተማ ሲሆን ደግሞ ሆቴል ይሠራበታል ተብሎ ይታጠራል። ያ ረግረግ ግን ሦስት ሥራ አለው። ከእርሻ የሚመጣውን አፈርና ማዳበሪያ ያስቀራል። ሐይቁ ሲሞላ ውሃውን ተቀብሎ ከተማዋን ያድናል። አሳውም የሚራባው እዚያ ነው። ረግረጉን ሲነቅሉት ማዳበሪያው በቀጥታ ይገባል፤ እምቦጭ የሚወደውም ይህንኑ ነው። እምቦጭ እንደ ጣና ሁሉ ዝዋይም ገብቷል። አስቀድሞ መከላከል ርካሽ ነው፤ ከገባ በኋላ በእጅ መንቀል መጨረሻ የለውም።

ወደ አሳ መውረጃው ብቅ ይበሉ እስቲ፤ የሚያውቁት ቦታ ነው፣ ግን በእኔ ዓይን ይዩት። ታንኳው ይደርሳል። ቆረሶው ከመረቡ ይፈታል፤ አምባዛው ለብቻው ይቀመጣል። ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቆዳውን በቢላ ገፈው የሁለቱን ጎን ሥጋ ያወጣሉ። አጥንቱና አንጀቱ እዚያው ይጣላል። ፔሊካኖቹም ሌሎቹ ትላልቅ ወፎችም ለዚህ ነው የሚሰለፉት። ጎብኚ ፎቶ ያነሳል። ደስ ይላል። ግን በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ከተማዋ ስንት ነገር እንደምታጣ ይቁጠሩ። በረዶ ከሌለ አሳው ከቀትር በፊት መሸጥ አለበት፤ ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። ንጹሕ ውሃ ያለው መገፈፊያ ጠረጴዛ ከሌለ ጥሩ ሆቴል ሊገዛው ያመነታል። ቆሻሻው ደግሞ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይገባል። በረዶ ቤት፣ የቧንቧ ውሃ፣ የሲሚንቶ ወለልና ጠረጴዛ፣ የቆሻሻ ማውጫ። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ የከተማ መግቢያ ላይ ከሚቆም አንድ ትልቅ ቅስት በር ብዙም የሚበልጥ አይመስለኝም። እኔ ብጠየቅ ከበሩ በፊት ይህን እሠራ ነበር። በከተማችሁ የአሳ ምርምር ማዕከል አለ፤ ባለሙያው ከደጃችሁ ነው። የመረብ ቀዳዳ ጠበብ ሲል ትንንሹ ቆረሶ ሳይራባ እንደሚያዝ ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

የጎብኚው ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለው ደብረ ጽዮን ገዳም፣ የደሴቶቹ ነዋሪ የሆነው የዘይ ሕዝብ ታሪክ፣ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን እዚያ ተሸሽጎ ነበር የሚለው ትውፊት፣ ጉማሬው፣ ወፉ። ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ሰው ለማምጣት ይበቃል። ግን ለመዋኘት የሚመጣ ሰው ወደ ላንጋኖ ነው የሚያልፈው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ወደ ውሃው የሚገባ ሰገራና በውሃው ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ ነው። ስለዚህ የሽንት ቤት ጉዳይ የቱሪዝም ጉዳይም ነው። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያይ የከተማ ምክር ቤት ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ።

በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ዝዋይ 20 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። በ1999ኙ ቆጠራ ከ43 ሺህ አለፈች። በ12 ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በጀትም፣ ቧንቧም፣ ትምህርት ቤትም የሚታቀደው በግምት ነው። የአበባ እርሻው የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ሼር ኢትዮጵያ ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኛ ይዟል። ሆስፒታልና ትምህርት ቤትም ሠርቷል፤ ይህ መነገር አለበት። አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከሩቅ ገጠር የመጡም ብዙ ናቸው። ከተማዋ እነዚህን ሰዎች የት አሳደረቻቸው?

አንድ ግቢ እንይ። ፊት ለፊት ባለቤቶቹ የሚኖሩበት ቤት አለ። ከኋላ አጥሩን ተደግፈው በረድፍ የተሠሩ ስምንት የጭቃ ክፍሎች አሉ፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። አንዷ ክፍል ሦስት በሦስት ሜትር ብትሆን ነው። ውስጧ ሦስት ልጃገረዶች ተዳብለው ይኖራሉ። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ በር ሥር የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች። ለስምንቱም ክፍል አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ልጅቷ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ የሠራተኛ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ኪራይ ከፍላ፣ ቤተሰብ ረድታ፣ የቀረውን ትበላበታለች። በግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል በሕግ ገና አልተቆረጠምና ደመወዟ የሚወሰነው በቀጣሪው ነው። ኪራይ በጨመረ ቁጥር የምትቀንሰው ከምግቧ ነው።

ባለቤቶቹን አልወቅስም። ብዙዎቹ ጡረተኞችና ባልቴቶች ናቸው፤ ክፍሎቹ ጡረታቸው ናቸው። ለምን የተሻለ አይሠሩም ቢሉ፣ ለባንክ የሚያስይዙት ካርታ የላቸውም፣ ወይም ፕላኑ ሲመጣ ይነሳል ብለው ይፈራሉ፣ ወይም የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀው ወረቀት ከአቅማቸው በላይ ነው። ስለዚህ ጭቃ በጭቃ ላይ ይጨምራሉ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ስለሆነ ሽንት ቤቱ ቶሎ ይሞላል። ፍሳሽ ማንሻ መኪና ቢመጣም የሚያፈስበት የተዘጋጀ ቦታ ከሌለ ወዴት እንደሚደፋው መገመት አያቅትም።

መፍትሔው ከዚህ ግቢ ይጀምራል ባይ ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ለኪራይ ክፍሎች የሚሆን ቀላል የቤት ንድፍ አዘጋጅቶ በነጻ ይስጥ። ጂ ፕላስ ዋን ይሁን፤ መሬት ይቆጥባል። ያንን ንድፍ ለተጠቀመ ሰው ፈቃዱ በጥቂት ቀን ይለቅ። በምትኩ ግዴታው ጥቂትና ግልጽ ይሁን፦ ለዚህን ያህል ክፍል አንድ ሽንት ቤት፣ ሮቶ፣ የሚመጠጥ የታሸገ ጉድጓድ። ለይዞታቸው ሰነድ የሌላቸውን በሥርዓት መዝግቦ ካርታ መስጠት ደግሞ ከማንኛውም ሕንጻ የበለጠ ቤት ያሠራል። ከተማዋ ራሷ አፓርታማ ልሥራ ብትል ገንዘቡ አይበቃትም። ባለግቢዎቹ ግን አንድ ሺህ ሆነው አንድ አንድ ቤት ቢያሻሽሉ ኪራይ ይረግባል።

ወደ ቀጣሪዎቹም እላለሁ። ከባቱ በስተደቡብ ቡልቡላ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አለ። በአገሪቱ መጀመሪያ ከተሠሩት አራቱ አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ቡሬ፣ ይርጋለምና ባዕኸር ናቸው። ፓርኩ እየሞላ በሄደ ቁጥር የሚመጣው ሠራተኛ የሚያድረው አሁን ባሉት የባቱ፣ የአዳሚ ቱሉና የቡልቡላ ክፍሎች ውስጥ ነው። ፋብሪካ ፈቃድ ሲወጣለት የመሬትና የመብራት ጥያቄ ይነሳል። ስንት ሠራተኛ፣ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ ግን ከጠረጴዛው ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ መነሳት ያለበት እሱ ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ወደ ክልል ይሄዳል። ወደ ውጭ የሚላከው አበባ የሚያመጣው ዶላር ለአገር ነው። ከተማዋ እጅ የሚገባው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፦ የሊዝ ክፍያ፣ የቦታና የቤት ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ። ሊዝ ደግሞ መሬት ካለ ብቻ ነው። አንድ ከተማ በየዓመቱ የምትኖረው መሬት በማከፋፈል ከሆነ ወደ እርሻው እየሰፋች ትሄዳለች፤ ቧንቧና መንገድ ደግሞ ይከተላት ዘንድ ይገደዳል። ወጪው ከገቢው ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ የፀደቀው የከተማ ንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ሊቀይር ይችላል፤ በየዓመቱ የሚመለስ ገቢ ነውና። ሲጀመር ግን ገንዘቡ ለምን እንደዋለ በየቀበሌው ካልተለጠፈ ሰው በፈቃዱ አይከፍልም። እኔም ብሆን አልከፍልም።

የውስጥ ለውስጥ መንገዱን በተመለከተ አስፋልት አይጠይቁ፤ ኮብልስቶን ይጠይቁ። ሥራው የአካባቢውን ወጣት ይቀጥራል። የውሃ ቧንቧ ሲቀበር ድንጋዩ ተነስቶ ይመለሳል። አስፋልት ግን ተቆርጦ እንደነበረው አይመለስም። እናም ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ቧንቧው ሳይቀበር የሚነጠፍ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

የፍጥነት መንገዱ ለእናንተ የሚሰጠው ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ከቱሪስቱ ይልቅ አትክልቱ ላይ ነው። ቲማቲም የሚፈራው መንገጫገጭንና ፀሐይን ነው። በለሰለሰ መንገድ አዲስ አበባ ቶሎ ሲደርስ የሚበላሸው ይቀንሳል፤ አይሱዙውም የመንገድ ክፍያውን ችሎ ያዋጣዋል። ግን መንገድ በሁለት በኩል ነው የሚሠራው። የአዲስ አበባ ነጋዴም ማሳው ድረስ ቶሎ ይደርሳል፤ ገበሬው ለብቻው ከቆመ ዋጋውን የሚወስንለት ደላላው ነው። የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ዓይነት ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መጋጠሚያው አጠገብ ከተማዋ አንድ ነገር ብቻ አቅዳ ብትሠራ፣ ጥላና ማቀዝቀዣ ያለው የጅምላ አትክልት ገበያ ይሁን እላለሁ። ሆቴልና ነዳጅ ማደያ ማንም ሳይጠራቸው ይመጣሉ።

ይህ ወደ ደላሎቹ ያመጣናል። መምህር፣ አይግዙ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። መውጫው አካባቢ የሚያሳዩዎት መሬት የገበሬ መሬት ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ደላላው የሚያዋውልዎ ውል ፍርድ ቤት ቢሄድ ይወድቃል። ከተማው ወደዚያ ሲሰፋ በካሳ አዋጁ፣ በ1161/2011፣ ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነው ገበሬ ነው። እርስዎ ያኖሩት የጨረቃ ቤት ይፈርሳል። የአስተማሪ ቁጠባ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይዋልም። ከተማ ክልል ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ በጨረታ ወይም በምደባ ነው። የመኖሪያ ሊዝ እስከ 99 ዓመት ይሰጣል። በማኅበር መደራጀት ከተቻለ እሱን ይሞክሩ። ካልሆነ ካርታ ያለውን የተሠራ ቤት መግዛት ይሻላል። ሲገዙም ሦስት ነገር ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ በአካል ሄደው ያረጋግጡ፦ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ (የከተማዋ መሬት ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ዋና ፕላን) ላይ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ አለመሆኑን፣ እና ነባር ይዞታ ከሆነ ሲሸጥ ወደ ሊዝ እንደሚገባ አስበው የሚመጣውን ክፍያ። ሦስተኛውን ሻጩ አይነግርዎትም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በከተማ ፕላን አዋጁ፣ በ574/2000፣ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ሲዘጋጅም ሲከለስም ነዋሪው መወያየት አለበት። ብዙ ጊዜ አዳራሹ የሚሞላው በባለሀብቶችና በቀበሌ ሹማምንት ነው። እርስዎ ካርታ ማንበብ የሚችሉ ሰው ነዎት፤ ተማሪዎችዎም ይችላሉ። ይሂዱና ረቂቁን ግድግዳ ላይ ቆመው ይዩት። የሐይቁ ዳርቻ መከለያ መስመር የት ላይ እንደተሰመረ፣ ውሃው በሞላበት ዓመት ከደረሰበት ቦታ ላይ ነው ወይስ በጎደለበት፣ ይጠይቁ። የሚመጣው ሠራተኛ የሚያድርበት ሰፈር የትኛው እንደሆነ በጣታቸው እንዲያሳዩዎ ያድርጉ። የፍሳሽ ማንሻ መኪናው የሚያራግፍበት ቦታ ከሐይቁ ስንት እንደሚርቅ ያስለኩ። በ1992 በወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ፣ በ197፣ መሠረት ከሐይቁ በብዛት የሚስብ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋልና የፈቃዶቹ ዝርዝር ለሕዝብ ይለጠፍ ብለው ይጠይቁ። ጥያቄዎቹን በቃል ብቻ አይተዉ። በጽሑፍ አድርገው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ቁጥርም ይቀበሉበት።